“በምን አወቅህ?” እያሉ ያስተማሩት የመምህርት ቭላስታ ሃቬልካ የሕይወት ታሪክ

የመምህርት ቭላስታ ሃቬልካን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍ መጀመሪያ የታዘዘው ከሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት የመጣ አንድ የተማረ ሰው ነበር። ታላቅ እህታቸው ሊቢ ሺሜክ ቀኖቹን ብቻ እንድትነግረው ተጠየቀች፤ የተወለዱበትን፣ የተመረቁበትን፣ ያረፉበትን። የቀረውን እሱ ያሳምረዋል ተባለ። ሰውየው ሟችን ያገኛቸው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም እጅ ለመጨበጥ ያህል። ሊቢ አራተኛ ክፍልን አልጨረሰችም፤ እውነት ነው፣ ደብቃውም አታውቅም። ነገር ግን ሟችን በተወለዱ ዕለት በፎጣ ጠቅልላ የታቀፈች እሷ ናት፤ ባለፈው ሰኞም ዓይናቸውን የከደነች እሷው ናት። ስለዚህ ይህንንም የጻፈችው እሷ ናት። በቀብሩ ቅዳሴ ላይ የሚያነበው ሰው ቃል እንዳይዘል፣ ቃልም እንዳያሳምር ታሳስባለች።

በሕይወት ሳሉ “አንቺ” ትላቸው ነበር፤ ሲያበሳጯት ደግሞ ከዚያ የባሰ። ዛሬ የወረቀቱ ወግ ስለሆነ “እርሳቸው” ትላቸዋለች። ለራሷ ግን አንቱታ አታበዛም። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ከተቀመጡት መካከል በሚመጣው ማክሰኞ እጃቸውን አውጥተው የቅድስት ሉድሚላ ትምህርት ቤት በሟች መንገድ ይቀጥል ወይም ይቅር የሚሉ ሰዎች ስላሉ፣ ነገሩ እንደነበረ ቢነገር ይሻላል።

መምህርት ቭላስታ ከአባታቸው ከአቶ ፍራንክ ሃቬልካና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦዠና እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1941 በኔብራስካ ግዛት፣ ከሊፓ መንደር ወጣ ብሎ በሚገኘው የእርሻ ቤት ተወለዱ። ሐኪሙ መኪናው ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት በእግሩ ሲደርስ፣ ሕፃኗ ተወልደው፣ አልቅሰው፣ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ሰው እስኪመጣ የመጠበቅ ዐመል ከጅምሩም አልነበራቸውም።

በጥር 1945 እናታቸው በሳንባ ምች አረፉ። ቭላስታ አራት ዓመት አልሞላቸውም፤ ሊቢ አሥር ዓመቷ ነበር። አባታቸው ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ላም የሚያልብ፣ ዳቦ የሚጋግር፣ ሕፃን የሚያጥብ ሰው ያስፈልግ ነበርና ሊቢ ከትምህርት ቀረች። አስተማሪዋ ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ መጥታ ልጅቷ ትመለስ አለች። አባትየው ሁለቴም ዕንቁላል ሰጥተው ሸኟት። ለሦስተኛ ጊዜ አልመጣችም።

ሟች በ1947 ደናግል መነኮሳት በሚያስተምሩበት በቅድስት ሉድሚላ ትምህርት ቤት ገቡ። በክረምት ከትምህርት ሲመለሱ ሊቢን የሚያገኟት የዝይ ላባ ከመሐል ዘንጉ እየነጠለች ለትራስ ስታዘጋጅ ነበር። ከፊቷ ይቆሙና የቀኑን ትምህርት ከአንድ እስከ መጨረሻው በቃላቸው ይሏታል፤ ግጥሙን፣ የነገሥታቱን ተራ፣ ማባዛቱን። ካስነጠሱ የግማሽ ቀን ሥራ ጣሪያ ላይ ስለሚወጣ አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚያነበንቡት። አንድ ቀን ሊቢ ሥራ በዝቶባት፣ ማን ንገሪኝ አለሽ አለቻቸው። የስምንት ዓመቷ ልጅ፣

“ለአንቺ ካልነገርኩት የኔ አይሆንም” አሉ።

ሊቢ ላባዋን መንጠል ቀጠለች። ይህን ወረቀት የጻፈችበት ፊደል ሳይቀር የገባት በዚያ መንገድ ነው።

የመጀመሪያ ቁርባናቸውን በ1948 ተቀበሉ። ሁለተኛ ደረጃን በ1959 በማዕረግ ጨረሱ። ከዚያም ኦማሃ በሚገኝ የደናግል ኮሌጅ ላቲንና ታሪክ አጥንተው በ1963 በዲግሪ ተመረቁ። ሊቢ ያን ጊዜ የአዶልፍ ሺሜክ ባለቤትና የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ሦስቱንም መኪና ላይ ጭና ለምረቃው ስትሄድ አንደኛው መንገድ ላይ አስታወከ፤ ወደ አዳራሹ የገቡት ከነሽታው ነው። ሟች በጥቁር ካባቸው ከመድረክ ወርደው አስቀድመው ያቀፉት ያንኑ ያስታወከውን ነበር። የተማረ ሰው ሁሉ እንደዚያ አያደርግም።

ከ1963 እስከ 2003 ለአርባ ዓመታት በሊንከን ከተማ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1984 ላቲን የሚማር ጠፋ ተብሎ ክፍሉ ሲዘጋ፣ መጻሕፍቱ ወደ ቆሻሻ ሲጣሉ ደርሰው በሁለት ጉዞ ወደ ቤታቸው አጋዟቸው። ትዳር አልመሠረቱም። ጠያቂ አጥተው አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ጠይቀዋቸዋል። ከሁለቱ አንደኛው የዘር ነጋዴ ጨዋ ሰው ነበር፤ ነገር ግን እሳቸው መጽሐፍ ሲገልጡ እሱ ወሬ የሚጀምር ሆነባቸው። ሊቢ ሰውየውን ትወደው ነበር። እስከ ዛሬም ተሳስተዋል ትላለች።

ጡረታ ሲወጡ አዶልፍ ሞቶ ስለነበር ከእህታቸው ጋር ለመኖር ወደ ሊፓ ተመለሱ። ድስት ያሳርራሉ፣ መኪና ሲያቆሙ አጥር ይገፋሉ፣ ጫማቸውን የትም ይጥላሉ። ሊቢ ሰውን በስድሳ ዓመቱ ማሠልጠን እንደማይቻል ተረድታ ተወችው።

በ2009 መስከረም በቁምስናው፣ ማለት በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በቅድስት ሉድሚላ፣ አንዲት አስተማሪ ታመመችና ሟች ለአንድ ሳምንት እንዲተኩ ተለመኑ። ያን ጊዜ በትምህርት ቤቱ የቀሩት ሃያ ሰባት ልጆች ነበሩ። ሀገረ ስብከቱም በሁለት ዓመት ውስጥ ካልበዙ ይዘጋል ብሎ ጽፏል። ልጆቹ ጠዋት ገብተው እስከ ማታ ተዘጋጅቶ በመጣ የመልመጃ ደብተር ላይ ባዶ ቦታ ሲሞሉ ይውላሉ። ሟች አምስተኛ ክፍል ገብተው፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ የምድር ትል ለምን እንደሚወጣ ጠየቁ። ልጆቹ ደብተራቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። በመጨረሻ ሞኒካ ዱሼክ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ እጇን አወጣች።

“መልሱ ገጽ ስንት ላይ ነው?” አለቻቸው።

ያን ቀን ወደ ቤት ሲመጡ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። ሊቢ ሰው የሞተ መስሏት ነበር። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፣ ክፉዎችም አይደሉም፤ ግን ዓለም የተፈጠረችው ከደብተሩ በኋላ ይመስላቸዋል አሏት። ቀጥለውም፣ “ሊቢ፣ እዚያ ቤት አሁን እንደሚማሩት ከመማር እንዳንቺ መቅረት ይሻላል” አሉ። ሊቢ በዚህ ቃል ተቀይማለች። ግን ያዘኑት ለልጆቹ እንደሆነ ገብቷታል።

በጥር 2010 በቁምስናው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራና ሟች ሐሳባቸውን አቀረቡ። የመልመጃ ደብተሩ ይቅር፤ ልጆቹ እውነተኛ መጽሐፍ ያንብቡ፣ ግጥም በቃላቸው ይያዙ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ዜማ በላቲን ያዚሙ፣ ቅጠልና ወፍ አይተው ይሳሉ፣ ክብና ማዕዘን በገመድና በጠመኔ ይሥሩ፣ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ስለ ፍትሕና ስለ ድፍረት ይከራከሩ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ለሺህ ዓመት ስታስተምር ኖራ የጣልነው ትናንት ነው አሉ። ያኔም ዛሬም የቦርዱ ሰብሳቢ የሆነው ኤድዊን ፖኮርኒ ከወደ ኋላ ተነሣ።

“ለከብት አርቢ ልጅ ላቲን ምን ይሠራለታል መምህርት? ላሞቹን ሊያናዝዝበት ነው?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሟችም አብረው ሳቁና፣ “ላሞቹስ ኃጢአት የለባቸውም ኤድዊን። እኔ የማስበው ለልጁ ነው” አሉት።

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ሊቢ ቃል በቃል አትይዘውም፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነበር፦ ሥራማ በሬም ይሠራል። ልጅ የሚማረው እውነቱን ከውሸቱ፣ መልካሙን ከክፉው፣ ውቡን ከአስቀያሚው ለይቶ፣ የለየውንም እንዲወድ ነው። ይህ ደግሞ ለሀብታም ልጅ ብቻ የተፈቀደ አይደለም። የያኔው የቁምስናው ካህን፣ ቆሞሱ፣ ትምህርት ቤቱ መዘጋቱ ስለማይቀር መሞከሩ አይጎዳም ብለው ፈቀዱ። እንዲህ ባለ ምርቃት ነው የተጀመረው።

ነሐሴ 2010 ሟች በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ርእሰ መምህርት ሆኑ፤ ሊቢም በሰባ ስድስት ዓመቷ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ሆነች። አራት ቤተሰቦች ወዲያው ልጆቻቸውን አወጡ። ሟች ያልተሳሳቱ እንዳይመስል፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት የላቲኑን የግስ ዕርባታ በትንንሾቹ ላይ እንደ ድንች ጆንያ ጫኑባቸው። የሆድ ሕመም በዛ፤ ሾርባው ሳይነካ ይመለስ ጀመር። ሊቢ ይህን ያየችው ከሳህን ላይ ነው። ሄዳ፣ ልጆቹ ምግብ እየተዉብሽ ነው፣ ቀንሺ አለቻቸው። ሦስት ቀን ተኮራረፉ። በአራተኛው ቀን ሟች ትንንሾቹን ደብተር አስዘግተው መዝሙር ብቻ ያስተምሯቸው ጀመር። ሾርባው ተበላ።

ትምህርት ቤቱን ያዳነው ግን የሟች ብልሃት ብቻ ሳይሆን አንድ ስሕተት ነው። ጥንት በዚህ ቁምስና ሰው ሲሞት ተማሪዎቹ ከክፍላቸው ወጥተው ተሰልፈው ይመጡና በቅዳሴው ያዜሙ ነበር። ይህ ልማድ ከቀረ አርባ ዓመት ሆኖት ነበር። ሟች ልመልሰው አሉ። መጀመሪያ የሞተው ኤሚል ቮንድራ ነው፤ በመጋቢት 2011፣ በዐቢይ ጾም መካከል። ልጆቹ እስከዚያ ቀን አጥርተው የሚያውቁት የላቲን ዜማ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ለትንሣኤ እንዲደርስ ከገና ጀምሮ ሲለማመዱት የቆዩት ነው። ሟች ስለ ድምፁ ሲጨነቁ ስለ ቀኑ ረሱ። ሃያ ሦስቱም ልጆች ተነሥተው፣ በሬሳ ፊት፣ ሃሌሉያ ከአፍ በማይወጣበት በዐቢይ ጾም፣ የፋሲካን ሃሌሉያ አራት ጊዜ አስተጋቡት። ቆሞሱ እንደ ቀይ ሥር ቀሉ። ሟች መዝሙሩን እየመሩ ሳለ ነገሩ ሲገባቸው እጃቸው አየር ላይ ቀረ፤ ማስቆም ግን አልሆነላቸውም፤ ያን ያህል ያምር ነበር።

ከቅዳሴው በኋላ ሟች ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ መበለቲቱ ሄዱ። ዕንባቸው ቀድሟቸዋል። የኤሚል ሚስት ግን እጃቸውን ያዘቻቸው።

“ተይ አታልቅሺ ቭላስታ። ኤሚል በሕይወቱ አንድ ቀን ጾሞ አያውቅም፤ አሁን ይጀምር ብለሽ ነው?”

በዚያው ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎች ወጥ ቤት ድረስ መጥተው፣ እነሱ ሲሞቱ ልጆቹ ይመጡ እንደሆነ ሊቢን ጠየቁ። አንደኛው ሃሌሉያውን ይፈልግ ነበር፤ በፋሲካ ሰሞን ሙት አለችው። ሰው ትምህርት ቤቱን እንደገና የራሱ አድርጎ ማየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2014 የኤድዊን ፖኮርኒ እናት ሲቀበሩም ልጆቹ አዚመዋል። ኤድዊን ያኔ ፊቱን በባርኔጣው እንደሸፈነ ያላየ የለም፤ ሊቢም አይታለች።

ሊቢ ስለ ራሷ አንድ ነገር መናገር አለባት፤ ሟችን ያለዚያ መረዳት አይቻልም። በ2012 ለልጆቹ የፕሪም ኬክ ስታዘጋጅ፣ በክቡ የመጋገሪያ ቆርቆሮ ልክ የተቆረጠውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አጥፋ መሐሉን ታገኛለች፤ ከመሐሉ ተነሥታ ለሁሉም እኩል ትቆርጣለች። ሟች ይህን አይተው ሰባተኛ ክፍልን በሙሉ ወጥ ቤት አስገቡባት። አንዷ ልጅ፣ አያቴ፣ መሐሉ ሁልጊዜ እዚያ እንደሚሆን በምን አወቁ ብላ ጠየቀቻት። ሊቢ ስድሳ ዓመት ሙሉ እዚያ ነው ያገኘሁት አለች። ሟችም በልጆቹ ፊት፣

“ስድሳ ዓመት ምክንያት አይሆንም ሊቢ” አሏት።

ሊቢ ማንኪያውን አስቀምጣ ወጣች። ሁለት ቀን በአንድ ቤት እየኖሩ አላነጋገረቻቸውም። ነገሩ ግን እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዛት ጀመር። ዶሮ ስታበላ ወረቀት ታጥፋለች፤ ልብስ ስታሰጣ ታጥፋለች። በሦስተኛው ቀን የወጥ ቤት ሽርጧን ሳትፈታ ሰባተኛ ክፍል ገብታ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠች። ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ከስድሳ ሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያም እንዲህ አለች፦ ወረቀቱ ሲታጠፍ ጠርዙ በጠርዙ ላይ ከገጠመ፣ እጥፋቱ ለግራም ለቀኝም አያዳላም ማለት ነው። መሐል ማለት ለየትኛውም ወገን የማያዳላ ቦታ ነው። ስለዚህ መሐሉ እጥፋቱ ላይ ካልሆነ የት ይሆናል? ሁለት ጊዜ ካጠፍሁት ደግሞ ሁለቱም እጥፋቶች ላይ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው።

ሟች ጠመኔውን አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ለረጅም ጊዜም አልተመለሱም። ሊቢ ከትምህርት የቀረችው እሳቸውን ለማሳደግ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ስለዚያ ነገር ሁለቱ በሕይወታቸው አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም፤ ያን ቀንም አልተነጋገሩም። ማታ ግን ሟች ሳይጠየቁ ሳህን አጠቡ።

ዛሬ በትምህርት ቤቱ ዘጠና አንድ ልጆች ይማራሉ። መልሱ ገጽ ስንት ላይ ነው ብላ የጠየቀችው ሞኒካ ዱሼክ አድጋ፣ ተምራ ተመልሳ፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት አምስተኛ ክፍልን ታስተምራለች። በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ በአዳራሹ ቆመው በቃላቸው የያዙትን ለሽማግሌዎች ሲያሰሙ፣ ኮላች ከሚባለው ጣፋጭ ዳቦ ትሪ ይልቅ ወንበር ቀድሞ ያልቃል፤ በሊፓ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

በሚያዝያ 2023 መምህርት ቭላስታ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሙ ስድስት ወር ሰጣቸው፤ እስከ ሰኔ ማስተማራቸውን አላቋረጡም። ልጆቹ ለምን ቢጫ እንደሆኑ ሲጠይቋቸው፣ የጉበትንና የሐሞትን ሥራ በሰሌዳው ላይ ሥለው አስረዷቸው። በበጋው ደከሙ። በመስከረም ለቦርዱ፣ ሟች ከሌሉ ይህን የሚሸከም ሰው የለምና ትምህርት ቤቱ ወደ ተዘጋጀው የመልመጃ ደብተር ይመለስ የሚል ሐሳብ እንደቀረበ ሰሙ። አልተቆጡም። ለኤድዊን ፖኮርኒ ከአልጋቸው ሦስት ደብዳቤ ጻፉለት፤ አንድ ጠዋት መጥተህ ሞኒካ ስታስተምር ስማ፣ ከዚያ እንደ ኅሊናህ አድርግ የሚል። የመጀመሪያውን በጥሩ የእጅ ጽሑፋቸው ጻፉት። ሦስተኛውን የጻፈችው ሊቢ ናት፤ እሳቸው እየነገሯት፤ ጣታቸው እርሳስ አልይዝ ብሎ ነበርና። በቆሎ እየሰበሰብኩ ነው የሚል መልስ መጣ።

ከመሞታቸው ሁለት ቀን በፊት ሊቢ ትራሳቸውን ስታስተካክል፣ አንቺማ በቀጥታ ገነት ነው የምትገቢው አለቻቸው። ሟች ዓይናቸውን ገለጡ።

“በምን አወቅሽ?”

“ሰማንያ ሁለት ዓመት አይቼሻለሁ።”

“እሱ ምክንያት አይሆንም።”

“ለእኔ ይበቃኛል፤ ዝም በይና ተኚ” አለቻቸው። ሳቅ ያምማቸው ነበር፤ ቢሆንም ሳቁ።

ሰኞ ጥቅምት 9 ቀን 2023 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ምሥጢራትን ተቀብለው፣ በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው በእህታቸው ቤት ዐረፉ። አባታቸውና እናታቸው ቀድመዋቸዋል። እህታቸው ሊቢ፣ እንደ ልጆቻቸው ያዩአቸው ሦስት የእህት ልጆች፣ ስማቸውን አንድ በአንድ የሚያውቋቸው ዘጠና አንድ ተማሪዎች በሕይወት አሉ።

ያየነው ሁሉ ወደ አንተ የሚያመለክት ጣት እንደሆነ ያስተማሩን መምህርት፣ ጌታ ሆይ፣ አሁን ጣቱን ትተው ፊትህን ይዩ። ጥያቄ ካላቸው፣ ይኖራቸዋልም፣ ታግሠህ መልስላቸው። ነፍሳቸውን በቅዱሳንህ መካከል አሳርፍ። አሜን።

ኤድዊን ፖኮርኒ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነህ፤ አንገትህን አትድፋ። ሊቢ እጅህን ወዴት እንደምታወጣ አትነግርህም፤ ሟችም አልነገሩህም። በቆሎው ገብቷል። ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቦርዱን አባላት በሙሉ ይዘህ አምስተኛ ክፍል ግባ። ሞኒካ ታስተምራለች። ልጆቹ ይጠይቋችኋል፤ መልሱላቸው። ማክሰኞ ድምፅ ስትሰጥም፣ ያለ ቭላስታ አይቻልም የምትል ከሆነ፣ ተነሥተህ በምን እንዳወቅህ ለሁላችን ተናገር።